ስምንተኛው ጀሪካን

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ የተሰጣ ልብስ የማገላብጥ ሰው ነኝ፣ አርባ ዓመት መርካቶ በርበሬ በረንዳ ስነግድ ስንቱን ሰምቻለሁ መሰላችሁ፣ አንዷ የሞተ ባሌን መጋዘን ውስጥ አየሁት ትላለች፣ ሌላዋ ሚዛኑ ማንም ሳይነካው ዝቅ አለ ትላለች፣ እኔም "በርበሬው ዓይንሽ ገብቶ ነው፣ ታጠቢ" እያልኩ አልፋቸው ነበር፣ ዛሬም ሌላ ሰው ይሄን የኔን ነገር ቢነግረኝ ያንኑ ነው የምለው። ግን ያየሁትን አይቻለሁ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። የምነግራችሁም ላስደንቃችሁ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን ተሸክሜው መዞሩ ስለደከመኝ ነው።

የምንኖረው አማኑኤል ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ስምንት በር ያለው አንድ ግቢ ውስጥ። ለስምንቱ በር ያለችው ቧንቧ አንዲት ናት፣ ውሃ የሚመጣውም ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ መጣ ቢባልም አንዳንዴ እንደ ክር ቀጥኖ ነው። ተራ የማስከብረው እኔ ነኝ። ማን እንደሾመኝ አላስታውስም፣ ጉልበቴ ሲደክምና ገበያ መውጣት ስተው፣ ቀን ቀን ግቢው ውስጥ የምገኘው እኔ ብቻ ስሆን፣ እንዲሁ እኔ ላይ ቀረ። በኛ ግቢ ሰው አይሰለፍም፣ ጀሪካን ነው የሚሰለፈው፣ ሁሉም ወደ ሥራው ሲወጣ ጠዋት ከየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን ለተራ ከቧንቧው ሥር ደርድሮ ይሄዳል፣ ጀሪካኑ ቆመ ማለት ባለቤቱ ቆመ ማለት ነው፣ ከኔ በቀር ማንም አይነካውም። ለማን ስንት እንደሚቀዳ፣ ውሃው ሲቀጥን ማን እንደሚቀድም፣ ሊጠፋ ሲል ማን እንደሚቀነስ፣ ሁሉም እዚህ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ የተጻፈ ነገር የለም።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናዘዝ። የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ እትዬ ሙሉነሽ የምትባል ሴት ነበረች፣ ዘመድ የላትም፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነበረቻት፣ ሃያ ሊትር፣ እጀታዋ ተሰንጥቆ እኔው ራሴ በካላማዳሪያ ጎማ የጠቀለልኩላት። አንድ በጋ ውሃው ሲጠፋ "አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ ግማሹ ይበቃሻል" አልኳትና አስር ሊትር አደረግኩት። "እሺ እህቴ" አለችኝ፣ በቃ። ውሃው ሲመለስ የሌሎቹን መለስኩ፣ የሷን ግን ረሳሁት፣ ወይም እስቲ እውነቱን ልናገር፣ ስላልጠየቀች ተውኩት። ሁለት ዓመት በግማሽ ጀሪካን ኖረች። የሞተችው በሳንባ ነው፣ ሐኪሙም ብሏል፣ ውሃ አልገደላትም። ግን ገላዋን ልናጥብ ስንገባ ከቤቷ አንዲት ጠብታ አጣን፣ የታጠበችው ከኔ በርሜል ተቀድቶ ነው። ያን ቀን የጨበጥኩት ጣሳ እስካሁን እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። ቢጫዋን ጀሪካንም በገዛ እጄ ለቆራሌው ሰጠኋት፣ ክፍሏም እስካሁን እንደታሸገ ነው።

አሁን ወደ ማክሰኞዋ ልምጣ።

የልጅ ልጄ ትዕግስት የኮምፒውተር ሰው ናት። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ ፊደልም የለየሁት እሷ ስታጠና ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው፣ አሁን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሥራ ረዳቷ አድርጋኛለች። ጭድ ተራ አጠገብ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያከፋፍሉ አንድ ሐጂ አሉ፣ ሱቆቻቸውና መጋዘኖቻቸው ሁሉ በአንድ ትልቅ ማሽን ነው የሚያያዙት፣ ሊኑክስ ትለዋለች፣ ማሽኑ ውስጥ ደግሞ ከጀርባ ሆነው ሌት ተቀን የሚሠሩ ሰርቪሶች አሉ። ታዲያ አንዱ ሰርቪስ ሜሞሪውን ሁሉ ጠጥቶ ሌላውን ገደለውና፣ የትኛው መጋዘን ምን እንዳለው ማየት አቅቷቸው ግማሽ ቀን ተገትረው ዋሉ። ከሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ ነበር፣ ሥራ ሲለቅ ይዞት ሄደ። ስለዚህ ትዕግስት ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ድርሻውን ወስና፣ ስንት፣ ለምን የሚለውን በጽሑፍ ልታስረክብ ነው፣ ያን ዕለት ማታ።

አሠራሯ እንዲህ ነው፣ አንዱን ነገር ታነብልኛለች፣ እኔ መልሼ በራሴ አፍ እነግራታለሁ፣ የገባኝ እንደሆነ ትጽፈዋለች።

"እማማ፣ ይሄኛው የሜሞሪ ጣሪያ ነው፣ ከዚህ አልፎ ከጠየቀና ማስለቀቅ ካልተቻለ ይገደላል።"

"ለከድር ከአምስት ጀሪካን በላይ እንደማልቀዳለት ነው።"

"ከድርን ግን አትገድይውም።"

"እስካሁን አልገደልኩትም።"

ሳቀች፣ ከድር የግቢያችን ሰው ነው። "ይሄኛው ደግሞ የማይነካ መጠባበቂያ፣ ምንም ቢጣበብ ከሱ ላይ አይወሰድበትም።"

"አራስ ያለችበት ቤት።"

"ይሄ የሲፒዩ ክብደት ነው፣ ማለት፣ ሁሉም እኩል ሲሻሙ ማን የበለጠ ይድረሰው የሚለው። ሌላ ፈላጊ ከሌለ ግን ያለውን ሁሉ ቢወስድም ችግር የለውም።"

"ሰልፍ ከሌለማ በርሜሉንም ይሙላ፣ ማን ይከለክለዋል? ልጄ፣ ይሄ ሁሉ የኛ ቧንቧ ነው እኮ፣ ለዚህ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?"

እንዲህ እየተባባልን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዘለቅን፣ እኔ ወገቤን ሲቆረጥመኝ፣ እሷ ዓይኗ ሲቀላ። ሐጂ በየመሀሉ ይደውላሉ፣ "ትዕግስትዬ፣ የኔ ልጅ፣ ማሽኑ ዛሬም ቀጥ ካለ እኔ ራሴ ነኝ ቀጥ የምለው!" ይላሉ፣ እሷም "አይዞዎት ሐጂ" ትላለች።

መጨረሻ ላይ አንዲት ቀረች። ትዕግስት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"ምንድን ናት?"

"እንጃ። ስሟ ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር ነው፣ ማን እንዳስገባት የሚያውቅ የለም፣ ምን እንደምትሠራም አልገባኝም። ብቻ ሜሞሪ ላይ ሃያ ሜጋ ይዛ ቁጭ ብላለች፣ አትጨምርም አትቀንስም።"

"አትጠይቅም?"

"ምንም አትጠይቅም።"

ደክሞኝ ነበር፣ እመኑኝ፣ ወገቤን ላሳርፍ ብቻ ነበር የፈለግኩት። "የማትጠይቅ ከሆነ ግማሹ ይበቃታል" አልኩ። አፌ ውስጥ ሳለ እንኳ ቃሉን አላወቅኩትም። እሷም ጣሪያዋን አስር ብላ ጻፈች፣ ቀለበቷ ቁልፉን ሲነካ ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ወዲያው ከውጭ፣ ከቧንቧው በኩል፣ ዱም አለ።

ባዶ ጀሪካን በጉልበታችሁ ስትገጩት የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ድመት ይሆናል አልኩ።

"ሞተች" አለች ትዕግስት።

"ማን?"

"ሰርቪሷ ነቻ። አስር አልበቃትምና ተገደለች። ቆይ... ተነሳች። ስትሞት ራሷ እንድትነሳ ተደርጋ ነው የተሠራችው።"

ዱም።

"ደግሞ ሞተች።"

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ግቢው ጭር ብሏል፣ ሁሉም ገበያ ነው፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ታብረቀርቃለች፣ ነፋስ የሚባል የለም። ጠዋት ቆጥሬ የተውኳቸው ሰባት ጀሪካኖች ነበሩ፣ የሰባት ቤት፣ እኔ ደግሞ ስቆጥር አልሳሳትም። ከሰባተኛው ኋላ ስምንተኛ ቆሟል። ቢጫ፣ ወደ ቡናማ የሄደ፣ ክዳን የሌለው፣ እጀታው በካላማዳሪያ የተጠቀለለ፣ የጎማው ጫፍም እኔ ሁልጊዜ እንደማስረው ወደ ውስጥ የተወተፈ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ፣ አንዱ ከምናለሽ ተራ መልሶ ገዝቶት ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል፣ ዕቃ መርካቶ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ይመጣል። አነሳሁት፣ ባዶ ነው፣ ደረቅ ነው። ባለቤት የሌለው ጀሪካን ሰልፍ አይዝም፣ ደንቡ ነው፣ ስለዚህ ወስጄ ግድግዳው ሥር አቆምኩትና ገባሁ።

"እማማ፣ ይቺ ነገር ታበሳጫለች" አለች ትዕግስት፣ "ትሞታለች ትነሳለች፣ ትሞታለች ትነሳለች፣ መዝገቡ በሷ ብቻ ሞላ።"

ዱም።

"ሞተች።"

"አንቺ ይሄ ድምፅ አይሰማሽም?"

"የምን ድምፅ?"

አንድ ጆሮዋ ላይ ያን የሙዚቃ ነገር ሰክታለች፣ ምን ትሰማለች። እኔ ግን እየቆጠርኩ ነው፣ ዱም ሲል እሷ ሞተች ትላለች፣ ዝም ሲል ተነሳች ትላለች፣ አንዴም አልተሳሳተም፣ ስድስት ጊዜ ድረስ ቆጠርኩ። ከዚያ እንደገና ወጣሁ።

ጀሪካኑ ግድግዳው ሥር የለም። ሰልፉ ውስጥ ነው፣ ያውም ሦስተኛ ሆኖ፣ በከድርና በአራሷ መካከል፣ እትዬ ሙሉነሽ በሕይወት ሳለች ትቆምበት በነበረው ተራ። ይህን ቦታ ከኔ በቀር ማን ያስታውሰዋል? የሌሎቹ ጀሪካኖች ሥር አቧራው ላይ የተጎተተ ነገር ጭረት አለ፣ ተገፍተው ቦታ የለቀቁ ይመስል።

ያኔ ቧንቧው ሲስ አለና ውሃ መጣ፣ እንደ ክር።

ምን ላድርግ? አልጮህኩም፣ አልሮጥኩምም፣ በምን ጉልበቴ። በስመአብ አልኩና ያን ጀሪካን ከሰልፉ አውጥቼ ከሁሉም ፊት አቆምኩት፣ በሃያ ዓመት ተራ ማስከበር ደንብ ስጥስ የመጀመሪያዬ ነው። ውሃው ሲገባ ድምፁ ከታች ወደ ላይ እየቀጠነ ሲሄድ እሰማዋለሁ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ እጄ ከልማድ ወደ ቧንቧው ሄደ፣ ልዘጋ። አልዘጋሁም። አፉ ድረስ ሞላሁት።

በዚህ መሀል ከድር ከጭድ ተራ ጆንያውን ተሸክሞ ገባ።

"እትዬ ስንዱ! ይሄ ደግሞ የማን ነው? እኔ አምስተኛ ልጄን ስወልድ ያልጨመሩልኝን ለማን ነው የሚቀዱት?"

"ዝም በል አንተ።"

"ለጂን ከሆነ ይንገሩኝ፣ እኔም በጂን ስም አንድ ላሰልፍ።"

ዞሮ አየኝና ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ ጆንያውን ጥሎ ጀሪካኑን ተቀበለኝ። "የት ላድርስልዎት?" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወደታሸገችው ክፍል አመለከትኩት። በሯ ላይ አስቀመጠው፣ እጀታውን አየ፣ ጎማውን አየ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ቤቱ ገባ።

ትዕግስት ጋ ስመለስ የሙዚቃውን ነገር ከጆሮዋ ነቅላ ተቀምጣለች።

"እማማ፣ ኮምፒውተሩን ነክተሽው ነበር?"

"እኔ? ስልክ ማንሳት የሚያቅተኝ ሴትዮ?"

"ሰርቪሷ ተረጋጋች። ጣሪያዋም ሃያ ይላል። አስር ነበር የጻፍኩት፣ አጠገቤ ነበርሽ፣ አስር አላልኩም?"

"አስር ብለሻል።"

ፋይሉን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ሃያ ነው። "ደክሞኝ ነው" አለች፣ "ሳላውቅ መልሼው ይሆናል።" ይሆናል። እኔም ይሆናል ነው ያልኩት፣ ሁለታችንም ደክሞን ነበርና ይሆናል ማለት ይቀላል። ጽሑፉ ላይ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ ምክንያት የሚባል ቦታ አለ፣ ከሷ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይደናገር። የዚችኛዋ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለችኝ። "አይቀነስባት ብለሽ ጻፊ" አልኩ። "ለምን ቢሉኝስ?" አለች። ያን ጊዜ ነው የእትዬ ሙሉነሽን ነገር ሁሉ የነገርኳት፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ሰምታ ስትጨርስ "አይቀነስም" ብላ ጻፈች፣ የምክንያቱን ቦታ ባዶ ተወችው፣ ለሐጂም ላከች፣ ማሽኑም ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ስወጣ ጀሪካኑ ሰልፉ ውስጥ ነበር፣ ሦስተኛ ሆኖ፣ ባዶ፣ ውስጡ ደረቅ። የታሸገው በር እንደታሸገ ነው፣ ወረቀቱም አልተቀደደም፣ ደጃፉም ላይ የፈሰሰ ውሃ የለም። ማን እንደወሰደው አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ በየማክሰኞውና በየዓርቡ ቀድሜ የምሞላው እሱን ነው፣ ከድርም አንድ ቀን አልተናገረኝም፣ እንዲያውም እሱ ነው በሩ ድረስ የሚያደርስልኝ። ለመድኩት ማለት እችላለሁ። ሰው ስንቱን ይለምዳል።

ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ግን በሱ አይደለም። ትናንት ማታ ትዕግስት ራት እየበላን፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "እማማ፣ በሐጂ ማሽን ላይ ሌላ አንዲት ደግሞ ተጨምራ አየሁ፣ ስሟ አይታወቅም፣ ሃያ ይዛለች፣ ምንም አትጠይቅም" አለችኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር አደርኩ። በበርበሬ በረንዳው፣ በወፍጮ ቤቱ ሰልፍ፣ በዚህ ግቢ፣ ሚዛን ስይዝና ጣሳ ስይዝ፣ እሺ እህቴ ብሎ ዝም ያለኝ ሰው ሌላ ማን ነው እያልኩ፣ አንዷ ትዝ ስትለኝ ሌላዋ ትመጣለች፣ ፊታቸውን እንጂ ስማቸውን አላገኘውም። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሁሉም ጀሪካኑን ደርድሮ ወጥቷል፣ ግቢው ጭር ብሏል፣ እኔም በሬን ገርበብ አድርጌ ተቀምጫለሁ፣ ስምንት ይሁኑ ዘጠኝ ወጥቼ መቁጠር አለብኝ፣ ግን ገና አልወጣሁም።