አርባ ሁለተኛዋ ተማሪ

ቅዳሜ መጋቢት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሳይንስ መምህሩ የዘሥላሴ አስከሬን ሲገኝ በአስታ በር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጥበቃው አቶ ወልደ ሰንበት፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረ ጻድቅና አልታየች የምትባለው የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት። ሦስቱም ከአንድ የአካባቢው ሰው ቀብር መመለሳቸው ነበር። የሦስቱም ጫማ ላይ የመቃብር ጭቃ ነበረ።

ኢንስፔክተር ሰአዳ ሸሪፍ ይህን ያነበበችው ሰኞ ጠዋት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብባ ተቀምጣ ነው። የመሥሪያ ቤቷ መኪና ጎማ እየተጠበቀለት ነው ከተባለ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የረመዳን አምስተኛ ቀን ነው፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። መዝገቡ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። መደምደሚያው ግን ተጽፎ አልቋል፤ ጥበቃው ዝናብ ፈርቶ ጄኔሬተሩን ወደ ክፍል አስገባው፣ መምህሩ በጭሱ ታፍኖ ሞተ፣ ጥበቃው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ይከሰስ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን ይወስደዋል።

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች ለራሷ። እኔ እንድደርስ መኪና የለም፣ ሽማግሌውን ጥበቃ ለመውሰድ ግን አለ።

ሳጅን ብርሃነ መስቀል የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀበላት። ደግ ሰው ነው፤ መዝገብ ሲከፈት ግን ያመዋል። ምንም የሚያስቸግር ነገር እንደሌለ፣ ሐኪሙም ሰውየው በጭስ መሞቱን እንዳረጋገጠ እየነገራት አስከሬኑ ወደ ተገኘበት፣ የተማሪዎቹ ታብሌቶች ወደሚቀመጡበት ክፍል መራት።

ክፍሉ ረጅም ነው። መሐሉ በችፑድ ተከፍሏል፤ ችፑዱ ግን ጣሪያው ጋ አይደርስም። የፊተኛው ግማሽ የተሰበሩ ዴስኮች የተቆለሉበት ነው። የኋለኛው ግማሽ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ የታብሌቶች መደርደሪያና በብርድ ምክንያት ጨርቅ የተወተፈበት መስኮት አለ። ዘሥላሴ የተገኘው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነው፤ የጆሮ ማዳመጫው ከጆሮው አልወለቀም። ጄኔሬተሩ የሚቀመጠው ከክፍሉ ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው፤ የተገኘው ግን በፊተኛው ግማሽ፣ ዴስኮቹ መሐል ነው።

ግድግዳው ላይ «የይለፍ ቃል ለማንም አይነገርም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ የይለፍ ቃሉ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

«ጄኔሬተሩን ማን አጠፋው?» አለች ሰአዳ።

«ነዳጁ አልቆ ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

የታንከሩን ክዳን ፈታች። ቤንዚኑ ግማሽ ድረስ አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ወደ ማጥፊያው በኩል ተጭኗል።

ሳጅኑ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። ሽማግሌው አጥፍቶት ይሆናል አለ። ሽማግሌውን ጠይቆት እንደሆነ ጠየቀችው። አልጠየቀውም።

አቶ ወልደ ሰንበት ፖሊስ ጣቢያው ጓሮ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ትምህርት ቤቱን ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩን ጥላው ሥር አስነሥተው፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ለመቃብር ቁፋሮ እንደ ሄዱ ነገሯት። ሲመለሱ የተዘጋውን በር ከፍተው ገቡ፤ ጄኔሬተሩ ቆሟል፤ እጃቸውን አላስነኩትም።

«አባባ፣ ዝናብ ቢፈሩ ኖሮስ አያስገቡትም ነበር?»

«ልጄ፣ ዘሥላሴ ራሱ ነው ያስተማረኝ። "አባባ፣ ይሄ ነገር የሚያወጣው ጭስ አይታይም እንጂ ሰው ይጨርሳል" ብሎኛል። የሞተ ሰው ያስተማረኝን እንዴት እረሳለሁ?» ካሉ በኋላ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። «መከሰሱስ ይሁን። እኔ ገደልኩት ብለው ልጆቹ ሲያዩኝ ነው የሚከብደኝ።»

ሳጅኑ እየተመለሱ ሳለ፣ ሽማግሌው ወደ ቀብር ከመሄዳቸው በፊት አስገብተውት ቢሆንስ አለ። ሰማዩ ያኔም ደምኖ ነበር። ሰአዳ እርምጃዋን አፋጠነች። ያናደዳት ሊሆን የሚችል ነገር መናገሩ ነው።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ገብረ ጻድቅ ሦስት ጥያቄ ስትጠይቃቸው አራት ጊዜ «ሪፖርት አድርገናል» አሏት። የዕድሩ ጸሐፊ እሳቸው ናቸው፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቀብሩ እስኪያበቃ ስም ሲጠሩና ሲያስተናብሩ ዋሉ። የአምስተኛ ክፍል ኃላፊዋም ከሴቶቹ መሐል አልጠፋችም። ዘሥላሴ ከቀብሩ የቀረው ሰኞ የሚቀርብ ውጤት ስላልጨረሰ፣ የደነባ ሰው በመሆኑም የሚቀበረውን ሰው ስለማያውቅ ነው። ሌላ ማን ነበር ስትላቸው፣ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር አቶ ተስፋሚካኤል ጠዋት መጥቶ ከዘሥላሴ ጋር ሲጨቃጨቅ እንደ ነበረ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ግን በሞተር ሳይክሉ ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጣ ቀብርተኛው ሁሉ እንዳየው ተናገሩ።

የጭቅጭቁን ምክንያት ታብሌት ክፍሉ ውስጥ የነገረቻት አልታየች ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ንግግሯ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«የታብሌቱ ፈተና እንደ ድሮው ምርጫ ማክበብ አይደለም» አለች። «ልጁ ሻማ ያበራል፣ ብርጭቆ ይደፋበታል፣ ሻማው ለምን እንደ ጠፋ በራሱ ቃል ለታብሌቱ ይናገራል። ዘሥላሴ የአርባ አንዱንም ልጆች ድምፅ አንድ በአንድ እየሰማ ነው ማርክ የሚሰጠው። ከአሥር ሦስት፣ ከአሥር ሁለት። "ድሮም አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን አለማወቃቸውን አወቅን፤ ከዚህ እንጀምር" ይል ነበር።»

«ሱፐርቫይዘሩስ?»

«ውጤቱ ሳይታይ አማካዩ ስምንት ነጥብ ምናምን ነው ብሎ ለበላይ ተናግሯል። ፈተናው ለዞኑ ሁሉ ሊዳረስ ነው፣ እሱ ሊመራው። ዘሥላሴ ደግሞ ሰኞ እውነተኛውን ይዤ እሄዳለሁ አለ።»

ሰአዳ መደርደሪያው አናት ላይ የተቀመጠውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ታብሌት አየች። ቀጭን ሽቦ ወጥቶለታል። ይሄስ ምንድን ነው አለች።

አልታየች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። የልጆቹ የሙቀት መለኪያ ነው። ክፍል ውስጥ ሙቀት መቼ ይጨምራል የሚለውን ለማወቅ በየግማሽ ሰዓቱ ይመዘግባል። ዘሥላሴ ሰዓቱን ልጆቹ እንዲገባቸው በሀበሻ አቆጣጠር ሞልቶታል። ከእሱና ከአምስተኛ ክፍል በቀር ማንም ልብ አይለውም።

ባትሪው ሦስት በመቶ ቀርቶታል። መብራት የለም፤ ኔትወርክ የለም፤ የጄኔሬተሩ ማስነሻ ገመድ በኤግዚቢትነት ጣቢያ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ደብረ ብርሃን ሄዷል። ሰአዳ አላህን ሳትጠራ ጥርሷን ነክሳ፣ ብዕሯን አውጥታ የቅዳሜውን ቁጥሮች በመዳፏ ላይ ገለበጠች። የመጨረሻውን ስትጽፍ ታብሌቱ ጠፋ።

የዘሥላሴ ታብሌት ግን ባትሪ አለው። የይለፍ ቃሉን ከግድግዳው አንብባ ከፈተችው። የማርኩን መዝገብ ካየች በኋላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ተቀመጠች።

አቶ ተስፋሚካኤል የደረሰው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ የሐዘንተኛ ነው። ለቅሶ ሊደርስ፣ በዚያውም ታብሌቶቹን ሊረከብ መምጣቱን ተናገረ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ቤቱ መግባቱን፣ ነገሩንም በስልክ መስማቱን አስረዳ።

«ዘሥላሴን አጥተናል፤ ሥራው ግን መቆም የለበትም» አላት። «አርባ ሁለት ተማሪ፣ አርባ ሁለት ታብሌት፣ አርባ ሁለት ውጤት። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የትም አያገኙም።»

«እውነትዎን ነው» አለችው ሰአዳ። «የትም አላገኝም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም አምስተኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ ተቀመጡ። ሳጅኑ ሽማግሌውን ይዞ ገባና መኪናው ከደብረ ብርሃን መነሣቱን ተናገረ።

«ቶሎ እንጨርስ» አለች ሰአዳ፤ መዳፏንም ዘረጋች። «ሙቀቱ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ዲግሪ ነው። ሰባት ሰዓት፣ አሥራ ስድስት። ሰባት ተኩል፣ ሃያ ሁለት። ስምንት ተኩል፣ ሠላሳ አንድ። በዚህ ብርድ ያን ክፍል ያጋለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሩ የገባው በሰባትና በሰባት ተኩል መሐል ነው። ሳጅን፣ አባባ ያኔ የት ነበሩ?»

«ጉድጓድ ውስጥ» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «እኔም ነበርኩ። አፈር ሲያወጡ አይቻቸዋለሁ።»

«ይሄን መዝገቡ ላይ አልጻፍከውም።»

ሳጅኑ የእጁን ጥፍር ማየት ጀመረ።

ሰአዳ ቀጠለች። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወርዷል፤ ግማሽ ታንከር ቤንዚን እያለ። ስለዚህ አንድ ሰው ተመልሶ በሩን ከፍቷል፣ ሞተሩንም አጥፍቷል። የመጣበትን ምክንያት ደግሞ የዘሥላሴ ታብሌት ይናገራል። እስከ ሰባት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ድረስ ማርኩ የሚሞላው በየሦስት፣ በየአራት ደቂቃው ነው፤ ሰው እያዳመጠ ስለሚሞላ። ከዚያ ዝም ይላል። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ይነሣና በስድስት ደቂቃ ውስጥ የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ስምንትና ዘጠኝ ያገኛል፤ ዘሥላሴ ሦስት የሰጣቸው ሁሉ ሳይቀሩ። ማንም አንድ ድምፅ አላዳመጠም።

«የይለፍ ቃሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔም አውቀዋለሁ» አለች። «ግን ማርኩን የሞላው ሰው አንድ ነገር ጨምሯል። ታብሌቱ ላይ ያልነበረ ስም አዲስ ጽፎ ዘጠኝ ሰጥቶታል። ፋና። ፋና ማን ናት?»

አልታየች ደንግጣ ዞረች። «ፋና እኮ ኅዳር ላይ ሄዳለች። ቤተሰቧ ደብረ ብርሃን ገብቷል። ከክፍሉ ዝርዝር እኔና ዘሥላሴ ነን የሰረዝናት።»

«የርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ላይስ?»

አቶ ገብረ ጻድቅ ግንባራቸውን ጠረጉ። ተማሪ ሲያቋርጥ ለምን አቋረጠ የሚል ደብዳቤ እንደሚመጣ፣ ለደብዳቤው መልስ፣ ለመልሱም ሌላ መልስ እንደሚጠየቅ፣ ስለዚህ ልጅቷን እስከ ዓመቱ መጨረሻ «እንዳለች» እንዳቆዩአት በተቆራረጠ ቃል ተናገሩ።

«እንግዲያው እሳቸው ናቸዋ!» አለ ተስፋሚካኤል። «ዝርዝሩ የሳቸው ነው።»

«እሳቸው ልጅቷ እንደሌለች ያውቃሉ» አለች ሰአዳ። «ውሸቱን የፈጠረው ሰው አያምነውም። መምህርቷም ታውቃለች። ሁለቱም ደግሞ መቶ ሰው ፊት ቀብር ላይ ነበሩ። ታብሌቱ ላይ አርባ አንድ ስም አይቶ "አንድ ጎድሏል" ብሎ የሚጨምር፣ ይህን ክፍል በወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ዛሬ አርባ ሁለት ተማሪ ያለኝ ማን ነው? ክፍሉ ውስጥ አንድ ቀን ገብተህ ቆጥረህ ብታውቅ ኖሮ፣ ተስፋሚካኤል፣ አትያዝም ነበር።»

አንተ ስትለው ሁሉም ሰሙ።

ተስፋሚካኤል መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎም ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ከላይ ካለው መታጠፊያ ላይ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ በእግሩ እንደ ተመለሰ ለመናገር ብዙ አልቆየም። ዘሥላሴ እንዲሞት አልፈለገም። ራሱን አሞት ተነሥቶ እንዲሄድ፣ እሱም ገብቶ ማርኩን እንዲያስተካክል ብቻ ነበር ሐሳቡ። ማዳመጫ ጆሮው ላይ ስላለ ጄኔሬተሩ ሲቀርብ አይሰማም ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ለፍቷል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የታብሌቱን ፈተና ለማምጣት ደጅ ጠንቷል። አንድ ሰው በሻማ ጥያቄ ሊያፈርስበት ነው።

«ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ውጭ ቆመህ ጠበቅህ» አለችው ሰአዳ። «በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጊዜ በሩን ማንኳኳት ትችል ነበር።»



ሰአዳ ማዳመጫውን ከታብሌቱ ነቅላ ድምፁን ለቀቀችው። ዘሥላሴ በመጨረሻ የሰማው የአንዲት ልጅ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ሻማው የጠፋው… ደክሞት ነው መሰለኝ። አይ፣ ቆይ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው አየር አለቀበት። እኛንም ቢደፉብን እንዲሁ ነን።» ከድምፁ ሥር ዘሥላሴ በሰባት ከአርባ ሁለት የጻፈው ማስታወሻ አለ፤ «አሥር። ሻማ አይደክምም፤ የቀረው ትክክል ነው።»

አልታየች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ወልደ ሰንበት ተነሡና መስኮቱን ከፈቱት።

መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ። ተስፋሚካኤልን ይዞ ሄደ። ለሰአዳ ቦታ ስላልነበረ ሚኒባስ ጠበቀች። አቶ ወልደ ሰንበት በማግሥቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር ከፈቱ። የአምስተኛ ክፍል ውጤት ቀሪውን ድምፅ አልታየች አዳምጣ ከጨረሰች በኋላ ሚያዝያ 4 ቀን ተላከ፤ አርባ አንድ ተማሪ፣ አማካይ ውጤት ከአሥር ሦስት ነጥብ ሁለት። ከሳምንት በኋላ፣ የአንድ ተማሪ መጉደል ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልን የሚል ደብዳቤ መጣ።