እስከ ሐሙስ የተዋጠው ኪኒን

ዓረብ አገር፣ ባዲዓ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከጎሚስታው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ወርቅነሽ አርብ ጠዋት አረፈች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ደሴ ላይ ሃያ ዓመት በነርስነት የሠራችው አፊፋ ተጠርታ ስትደርስ፣ የሟቿ ወንድም ፈቃዱ ስልኩን ጨብጦ በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ አፊፋ፣ ለፖሊስ ሳልደውል እርስዎ ይዩልኝ። እህቴን መርዝ ያበላቻት ይቺ ናት» አለ፣ በአገጩ የክፍል ተጋሪዋን ለምለምን እያሳየ።

ለምለም ጥግ ላይ ኩርምት ብላለች። እንደ ሟቿ ሁሉ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ፖሊስ ከመጣ፣ ነፍሰ ገዳይ ባትባል እንኳ ተርሂል፣ የሚባረሩ ስደተኞች እስር ቤት፣ ገብታ ወደ አገር ቤት መባረሯ ነው፤ ሦስት ልጆች ደግሞ የሷን እጅ ያያሉ። አፊፋ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በኤሲው ነዋ፣ እትዬ። ካረጠች ወዲህ ላብ ያጠምቃታል፣ እንቅልፍ የላት። አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ ታደርገዋለች፣ እኔ በብርድ እሞታለሁ። ሰድቤያታለሁ፣ አልዋሽም። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ኸላስ፣ ጠባችን ቀረ። ራሷ ሃያ አራት ላይ አድርጋ ለጥ ትል ነበር።»

«ትናንትስ?»

«እግሬን አመመኝ አለች። ዛሬ ጠዋት ትንፋሽ አጠራት። ውኃ ይዤላት ስመለስ አልፋለች።»

አፊፋ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። የግራው እግር ከጉልበት በታች አብጦ የቀኙን እጥፍ ሊያህል ምንም አልቀረው። ትራሱ ስር የኪኒን ካርቶን አገኘች። ክሊኒኩ የጻፈበት ስም ግን ወርቅነሽ አይልም፤ ሔዋን ይላል።

ሔዋን የሟቿ ባልንጀራ ናት። ኢቃማ አላት፤ ማዳሟ ቤት እያደረች ትሠራለች፣ የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ዛሬም እንደ ልማዷ ብትመጣ ሬሳ ጠበቃት።

«ኪኒኑ ያንቺ ነው?» አለቻት አፊፋ።

«አዎ… የኔ ነው።»

«ለምንሽ?»

«ለራስ ምታት» አለች ሔዋን፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

አፊፋ የሟቿን ሻንጣ በረበረች፤ ከታች የተጣጠፈ አሮጌ የሕክምና ካርድ አወጣች። ፈቃዱን፣ ለምለምንና ሔዋንን በፍራሹ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ፈቃዱ፣ ልጄ፣ መርዝ አንድ እግር መርጦ አያሳብጥም። እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ሲዘጋ ነው እንዲህ የሚሆነው። ካርዱ እንደሚለው እህትህ በወሊድ ጊዜም ደም ረግቶባት ታክማለች።»

«ለምን አሁን ታዲያ?»

«ይህ ኪኒን ሆርሞን ነው፤ ያረጠች ሴት ላቧ እንዲቀንስ፣ እንድትተኛ የሚሰጥ። የራስ ምታት አይደለም። በእያንዳንዱ ኪኒን ላይ ቀኑ ተጽፏል፣ እስከ ትናንት ሐሙስ ተውጧል። ሔዋን ግን ካለፈው አርብ ወዲህ እዚህ አልነበረችም። የዋጠችው ወርቅነሽ ናት። ኤሲውን ሃያ አራት ላይ ያደረገችውም ስለተሻላት ነው። አሁን አንድ ነገር ቀረኝ፤ ኢቃማ የሌላት ሴት በማን ኢቃማ ክሊኒክ ገባች?»

ሔዋን ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«በኔ። ፊታችን በኒቃብ ተሸፍኖ ማን ይለየናል? ሐኪሟ የምትጠይቀውን አስጠናኋት። ደም ረግቶብሽ ያውቃል ካለችሽ፣ አያውቅም በይ፣ ፋይሌ ላይ የለም፣ እንዳንጋለጥ አልኳት።»

«ሐኪሟ ብታውቅ ይህን ባልሰጠቻት ነበር። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ፣ ሆርሞን የሌለውም አለ። የሚስማማት አይጠፋም ነበር» አለች አፊፋ።

«እንድትተኛ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ተኝታለች። አንድ ወር ተኝታለች።»

ፈቃዱ ይቅርታ ሊል እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ለምለም ያዘችው። ከዚያ ሔዋን ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

«እኔ እደውላለሁ። ኢቃማዬን ይውሰዱት፤ የወርቅነሽ ሬሳ በራሷ ስም አገሯ ይግባ። ያላ፣ ቶሎ በይ ለምለም፣ ፖሊሶቹ ሳይመጡ ውጪ።»

ለምለም ልብሷን በፌስታል ሰበሰበች። በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰችና ሪሞቱን አንስታ ኤሲውን ለወርቅነሽ አሥራ ስድስት ላይ አደረገችላት።