ከሱብሒ በኋላ

እማዬ ከሞተች ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆንልኝ አለ። አዲስ ዓለም ሰፈር ካለው የአባዬ ጨርቅ ሱቅ እገባና ሻሽ አጣጥፋለሁ፣ እፈታለሁ፣ ደግሞ አጣጥፋለሁ። ልቤ ያለምክንያት ድው ድው ይላል። እንቅልፍማ እርሜ ሆነ።

አክስቴ ዐዚዛ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ዱዓ አስደረገችልኝ። ሆስፒታል ያየችኝ ዶክተር ፅዮን ደግሞ መድኃኒቱን ከሰጠችኝ በኋላ፣ «ፈህሚያ፣ እንቅስቃሴም ያስፈልግሻል። ላብ እስኪያልብሽ» አለችኝ።

ላብ! እኔን ላብ የሚያውቀኝ ለዒድ ቤት ሳጸዳ ነው።

ቢሆንም ሞከርኩ። ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በረጅም ቀሚስና በሂጃቤ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ዳገት መሮጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳምባዬ ሊወጣ ደረሰ። እየዋለ እያደረ ግን ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ቀለል አለልኝ። እንቅልፍም ተመለሰ፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

አንድ ጠዋት ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ፈጠንኩ፤ ኮቴውም ፈጠነ።

«ቁም! ምን ፈለግህ?»

«ኧረ ምንም! እኔም እየሮጥኩ ነው እኮ» አለ እያለከለከ። «ልቀድምሽ ነበር። አልቻልኩም።»

ሳቅኩ። እማዬ ከሞተች ወዲህ የገዛ ሳቄን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

አኒስ ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ሒሳብ ያስተምራል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይጠብቀኝ ጀመር። ሰው እንዳያማን ብሎ ጎን ለጎን አይሮጥም፤ ሁሌ ከኋላዬ ራቅ ይላል። መታጠፊያው ላይ ዘወር ስል ብቻ ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን።

«ከምንድነው የምትሸሺው?» አለኝ አንድ ቀን፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆመን ስንተነፍስ።

«ከሐሳብ። አንተስ?»

«እኔም ከሐሳብ ነበር። አሁን ግን ወደ አንቺ ነው የምሮጠው።»

ዞሬ ቁልቁለቱን ሮጥኩ። ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

ጉድ የሠራን ያ ከኋላ የመሮጥ ጥንቃቄው ነው። ጊዜው ሰው የሚታፈንበት ጊዜ ነው። ሂጃቧ እየተውለበለበ የምትሮጥ ልጅ፣ ከኋላዋ ወንድ! ከመስጊድ የሚመለሱ ጎረቤቶቻችን «ያዙት! አፋኝ!» ብለው ከበቡት። ዘወር ስል ዱላ ግንባሩ ላይ አርፏል።

«ተዉት! አውቀዋለሁ!»

ምነው ባልተናገርኩ! አፋኝነቱ ቀርቶ ውሽማ ሆነ።

አባዬ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ከእንግዲህ ጠዋት አትወጪም» አለ፣ በቃ። ሳምንት ሳይሞላ ድንጋዩ ደረቴ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሌሊት ስገላበጥ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ የአባዬን እርምጃ እሰማለሁ።

አኒስ ግንባሩ ሳይሽር ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ ትልቅ ሐጂ ሐምዛ መርቀው ሲጨርሱ እኔ ተጠራሁ፤ በእኛ ደንብ መህሯን፣ ሙሽራው የሚሰጣትን ስጦታ፣ የምትጠራው ሙሽራዋ ናት።

«በይ ልጄ፣ ስንት ወርቅ እንበል?»

«ወርቅ አልፈልግም። የመሮጫ ጫማ ይግዛልኝ። ጠዋት ጠዋትም ዳገቱን አትከልክሉኝ። ስሮጥ ነው ሰው የምሆነው፤ እሱ ከቀረ ሰርጉም ይቅር።»

ሐጂ ሐምዛን ሻዩ ትን አላቸው። አክስቴ «ወይ ጉዴ! ልጅቱ አበደች!» ብላ አፏን ያዘች።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ሥር የጠቆረውን ያኔ ገና ልብ አልኩት። ለካ እማዬ የሞተችው በእኔ ብቻ አልነበረም።

«ስትሮጪ እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ይወስደኛል፣ አባዬ።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«አባቷ እሺ ብሏል በሉት። ኒካሁ እስኪታሰር ግን ብቻቸውን አይሮጡም፤ እኔ መሃል እሆናለሁ።» ጉሮሮውን ጠረገና መሬት መሬቱን እያየ ጨመረ፦

«ጫማ ሲገዛ፣ የኔ ቁጥር አርባ ሁለት ነው።»