የታጠቡት ጠጠሮች

አራተኛው ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ሲንሳፈፍ ሜላት መረቡን አጥብቃ መያዝ አቃታት።  የቀሩት ቆሮሶ ዓሦች አፋቸውን ከውሃው አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ሠላሳ ስድስት አፍ፣ ያለ ምንም ድምፅ።

ከትምህርት ቤት ከመጣች ገና አሥር ደቂቃዋ ነው። ቦርሳዋን እንኳ ከጀርባዋ አላወረደችም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ከገንዳው በላይ የተወጠረው መረብ ፀሐዩን ቢከልልም ሙቀቱ ከንጣፉ ተነሥቶ በጫማዋ ሥር ይገባል።

ገንዳው የአቡ ረሺድ ነው። አቡ ረሺድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ የዚህ የሱለይማኒያ ሰፈር ቪላ ባለቤት፣ የወላጆቿም ከፊል፣ ማለትም አሠሪና የመኖሪያ ፈቃዳቸው ዋስ ናቸው። አባቷ ባህሩ መኪና ይነዳላቸዋል፤ እናቷ ምግብ ታበስላለች። ሦስቱ የሚኖሩት ከውጭው በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የዓሣው ውሃ በፓምፕ ተስቦ ጠጠር ወደተሞሉ ሰፋፊ ሣጥኖች ይወጣል፤ እዚያ የተተከሉትን ናናና ሰላጣ አጠጥቶ፣ ተጣርቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። አቡ ረሺድ ለሕክምና ወደ ጅዳ ሲሄዱ ባለቤታቸውንና የሜላትን እናት ይዘው ሄዱ። ዓሣዎቹን ለሜላት አደራ ሰጧት። ነገ ይመለሳሉ።

ሜላት የውሃ መመርመሪያዋን ብልቃጥ በገንዳው ውሃ ሞላች፣ የመመርመሪያውን ጠብታ ጨመረች፣ ጠበቀች። ቢጫ መሆን ነበረበት። አረንጓዴ ሆነ፤ እንደ ጎመን የጠቆረ አረንጓዴ። ውሃው ተመርዟል ማለት ነው።

ለምን እንደተመረዘ ታውቃለች። ከሁሉ የሚያስፈራት እሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። ስለ ዓሣ ገንዳው የሚያዘጋጁትን የሳይንስ ፕሮጀክት አብራት የምትሠራው ሀና በክፍሉ ሁሉ ፊት፣ «ቪዲዮውን እናንተ ጋ እንቅረጸው፤ ግን ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከሆነ እኔ የለሁበትም!» አለች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሜላት ያን ቀን ቤት እንደገባች ጠጠሮቹን ከሣጥኖቹ አወጣቻቸው። ቡናማ፣ የሚያዳልጥ ነገር ለብሰዋል። በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው፣ ፈተገቻቸው፣ ደጋግማ አለቀለቀቻቸው። ነጭ ሆኑ። አርብ ዕለት ሀና መጥታ እየቀረጸች፣ «ዋው፣ ሆቴል አስመሰልሽው እኮ!» አለቻት።

አቡ ረሺድ ግን ነግረዋት ነበር። ያን ቡናማ ነገር በጣታቸው ጠረግ አድርገው፣ «እነዚህ ሠራተኞቼ ናቸው» ብለዋት ነበር። «በዓይን አይታዩም። የዓሣውን ቆሻሻ ለተክሉ ምግብ የሚያደርጉት ግን እነሱ ናቸው። እነሱ ከጠፉ ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ይሞታል።» ሜላት ሰምታቸው ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን በጆሮዋ የቀረው የክፍሉ ሳቅ ብቻ ነበር።

«ሜላትዬ፣ ምን ቆመሻል?»

አባቷ መኪና የሚወለውልበትን ጨርቅ እንደያዘ መጣ። ገንዳውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«በስመ አብ! ምን ነካቸው?»

«አላውቅም።» ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

አባቷ ግቢውን በዓይኑ ቃኘ። ቧንቧው ሥር የወደቀውን ባዶ የበረኪና ዕቃ አየ።

«ኑረዲን ነው!» አለ። «ቅዳሜ ንጣፉን ሲያጥብ ነው የጨመረባቸው!»

ኑረዲን ከዑድ ሰፈር በአውቶቡስ እየመጣ የሦስት ቪላዎች ግቢ የሚያጸዳ የወሎ ሰው ነው። የመንን በእግሩ አቋርጦ የገባ፣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው። በመጣ ቁጥር ገንዳው ጋ ቆሞ ይቀልዳል። ትልቁን ዓሣ «ከፊሉ» ብሎ ሰይሞታል፤ ምግብ ሲበተን ሁሉንም ገፍቶ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ስለሆነ። ዛሬ ከማዶ ያለው ቪላ ውስጥ ነው የሚሠራው።

ሜላት ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ… እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ጠጠሮቹን በበረኪና አጠብኳቸው።»

 አባቷ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«እንግዲያው አትናገሪ። ሾፌሩን ወልደጊዮርጊስን ረሳሽው? አንድ መኪና ቢጋጭበት ከፊሉ ‹ኸላስ፣ አበቃ› አለው። በሳምንቱ ሚስቱን ልጆቹን ይዞ አውሮፕላን ላይ ነው! እነዚህ ዓሦች ለአቡ ረሺድ እንደ ልጅ ናቸው። የሦስታችንም ኢቃማ በእሳቸው እጅ ነው፣ ገባሽ?»

«ጋሽ ኑረዲንስ?»

«ሌላ ግቢ አያጣም።»

«አቡ ረሺድ ተናደው ፖሊስ ቢጠሩበትስ?»

 አባቷ ጨርቁን በሁለት እጁ ይጠመዝዘው ጀመር። እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም። 

«ባህሩ ወንድሜ! ምን ሆናችሁ? ‹በስመ አብ› ስትል እኮ ማዶ ድረስ ይሰማል!»

ኑረዲን መጥረጊያውን በትከሻው እንደያዘ በተከፈተው በር ገባ። ገንዳውን እንዳየ መጥረጊያውን ወረወረው።

«ኧረ ከፊሉም እያዛጋ ነው! አየር አጥተው ነው እኮ፤ ቆማችሁ ታያላችሁ? ያላ፣ ቶሎ!»

ባልዲ አንሥቶ የገንዳውን ውሃ እየቀዳ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ መልሶ ያፈሰው ጀመር። ውሃው እየተንቦጫቦጨ አረፋ ሠራ። ሜላት ቦርሳዋን ጣለች። ከገንዳው ሥር ያለውን ቧንቧ ከፍታ የተመረዘውን ውሃ እስከ ግማሽ ለቀቀችው፤ በምትኩ ክሎሩ እንዲወጣለት በበርሜል ሲያድር የነበረውን ውሃ ጨመረች። አባቷ በርሜሉን ያዘላት። ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሠሩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ አንቺ ልጅ» አለ ኑረዲን ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ዓሣ እንደ ሐበሻ ነው፤ ቶሎ አይሞትም።»

ሜላት ለመሳቅ ሞክራ አልቻለችም።

ዓሦቹ ትንሽ ወረድ አሉ። ሁሉም አይደሉም። አባቷ በርሜሉን አቆመና ኑረዲንን ሳያየው ጠየቀ።

«ቅዳሜ በረኪና ተጠቅመሃል?»

«በረኪና? ወላሂ ሳሙና ብቻ ነው።»

«ዕቃው ይኸው ወድቋል። አቡ ረሺድ ነገ ሲመጡ ምን ልበላቸው?»

 ኑረዲን የአባቷን ፊት አየ። ባልዲውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ገባኝ» አለ። «ሳይመጡ ልሂድላችሁ። ግን ባህሩ ወንድሜ፣ ስሜን ለሌሎቹ ግቢዎች እንዳትሰጥብኝ። ተርሂል እስር ቤት ካስገቡኝ ባዶ እጄን ነው አገሬ የሚመልሱኝ። ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ትፈተናለች።»

ሜላትም ስምንተኛ ክፍል ናት። አባቷ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

ኑረዲን ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ወደ በሩ ሄደ። መጥረጊያውን አነሣ። ጫማውን ሊያደርግ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ እርጥብ እግሩ አልገባ ብሎት ይታገላል።

ሜላት ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ጣቶቿ ስለረጠቡ መክፈቻውን ሁለት ጊዜ ሳተችው። ነገ ማታ የት እንደሚያድሩ ለማሰብ ሞከረች። አልመጣላትም። የመጣላት የእናቷ ፊት ነበር፤ ጅዳ፣ የሰው ማድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ምንም ሳታውቅ።

«ሜላት» አለ አባቷ። ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። «እናትሽ እዚያ ናት።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ፤ ግን አልነጠቃትም። እጁ አየር ላይ ቆየ፣ ከዚያ ወረደ።

ስልኩ አንድ ጊዜ ጠራ። ሁለት ጊዜ።  ሦስተኛው ላይ ተነሣ።

«ሜላት? ደህና ናችሁ?» አሉ አቡ ረሺድ በዐረብኛ።

ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው፤ ስልኩንም ይዛ ኑረዲን ወደተቀመጠበት ደረጃ ሄደች።

«ስለ ጠጠሮቹ ልነግርዎት ነው» አለች።