በቀይ ቀለም የሞቱት

ሴትዮዋ ወረቀቷን በመስኮቱ አሾለከች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ ጥቁር ክር አስራለች።

ጸሐፊው ክሩን አየ። ምልክቱ እሱ ነው።

«ማን ሞተብዎት?»

«ልጄ። ደጋጋ ባይሳ።»

«በምን?»

«በንዳድ።»

«ምስክር?»

«ሦስት። አሻራቸውን አድርገዋል።»

ብዕሩን ከቀይ ቀለም ነከረ። ማስመሪያ አጋድሞ በስሙ ላይ አንድ መስመር ሳበ። ገጹን ከመዝገቡ ፈትቶ ከመደርደሪያው ግርጌ ካለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ከተተው። ደጋጋ ባይሳ በዚያች ደቂቃ ከእንጦጦ ጀርባ ቆሎ እየቆረጠመ ነበር። ለሮማ መንግሥት ግን አፈር ለብሷል።

ሴትዮዋ ደረቅ ዓይኗን እየጠረገች ወጣች። አለቃቀሷ ለወግ እንኳ አይበቃም ነበር። ደግነቱ፣ እዚያ ቤት ሰው የሚያይ ሰው አልነበረም።

አስራ ሰባት።

የቀሩት ሁለት ናቸው።

ጸሐፊው በመሥሪያ ቤቱ ዘነበ ይባላል። ጣልያንኛ ያስተረጉማል፣ መዝገብ ይይዛል። የሰፈሩ ሰው ባንዳ ይለዋል፤ ሲያልፍ ምራቁን እንትፍ ይላል። ውስጥ አርበኞቹ ደግሞ «ቀለም» ብለው ያውቁታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አምኃ ነው።

ቂርቆስ አጠገብ፣ ሰዉ «ኮሌጁ» የሚለው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ጣልያን ሲገባ የበቅሎ ጋጣ አደረገው። የተማሪዎቹ መዝገብ ግን ተርፎ ካዛንቺስ፣ ለነጭ ሹማምንት ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ጎን፣ መዝገብ ቤት ገባ። አስራ ዘጠኝ ስም ከነእናት አባቱ፣ ከነሰፈሩ። ፊደል የቆጠረ እንደ አውሬ በሚታደንበት በዚያ በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ያ መዝገብ የሞት ፍርድ ነበር። ነገ ሐሙስ የፖለቲካ ቢሮ ይረከበዋል። ስሙ ያልተሰረዘ ተማሪ ካልተገኘ እናቱ ትታሰራለች።

መስረቅ የሞኝ ሥራ ነው። የጠፋ መዝገብ ይፈለጋል። ከመዝገብ ቤቱ ሹም ከሲኞር ፔዞሊ ሕግ ጋር ግን መስማማት ይቻላል። ፔዞሊ በአገሩ ፖስታ ቤት ቴምብር እየላሰ ያረጀ፣ እዚህ ሲመጣ ቄሣር የሆነ ሰው ነው። ቴምብር የተለጠፈበት ማመልከቻ፣ የሦስት ሰው አሻራ፣ አቅራቢው ቤተሰብ፣ ቤተሰብ ከሌለ ጎረቤት። ይህ ከተሟላ ተማሪው ሞቷል፤ ገጹም ወደ ሙታን ሣጥን ይወርዳል። «ሙታን ቦታቸው ታች ነው» ይላል ፔዞሊ። ሬሳ ጠይቆ አያውቅም።

አስራ ዘጠኙንም ማመልከቻ በአንድ ጊዜ የጻፈው ያደታ ቡዜ ነው፤ በአርበኞቹ ድርጅት ስሙ «ብዕር»። ከመዝገብ ቤቱ በር ፊት ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ይጽፋል። እሱም የኮሌጁ ልጅ ነው። የራሱን ማመልከቻም ጽፎ፣ አሻራ አስደርጎ አምኃ ዘንድ አስቀምጧል። «የእኔን መጨረሻ ላይ ታስገባዋለህ» ብሎ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ፔዞሊ የዕለቱን የጥያቄ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት።

«አዘጋጅ። ጠያቂዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ።»

አምኃ አገላበጠ። የቤት ካርታ። የልደት ምስክር። የቦታ ክርክር።

ከዚያ የሚያውቀው ጽሕፈት።

«ከሙታን ሣጥን የአስራ ሰባት ተማሪዎች ገጽ፣ ከነምስክሮቻቸው ስምና አድራሻ። ግልባጩ ለፖለቲካ ቢሮ።» ከግርጌው የያደታ ፊርማ። ከፊርማው ጎን የፖለቲካ ቢሮው ሹም በእርሳስ ጻፍ አድርጓል፦ «ማስረጃው ከቀረበ አስተርጓሚነትና የሰርቪስ ቤት ይሰጠው።»

የሰርቪስ ቤት! ከነጭ ጓሮ፣ ከውሻው ጎን፣ አንዲት በር ያላት ክፍል። አስራ ሰባት ጓደኛና ሃምሳ አንድ ምስክር ለዚያ። አምኃ ከመናደዱ በፊት አፈረ፤ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ ተምሯልና።

ያደታ በአፍ ብቻ ቢናገር አያምኑትም። ነጩ ወረቀት ካላየ አያምንም። ስለዚህ ወረቀቱ ከያደታ እጅ መግባት የለበትም።

የቀለም መጥረጊያውን ጨርቅ በመስኮቱ አውጥቶ ሦስት ጊዜ አራገፈ።

ከመንገዱ ማዶ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው ጀሚላ ሚዛኗን አስቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ከመስኮቱ ፊት ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለች ዝቅ ብላ።

«ጎረቤትሽ። ያደታ ቡዜ።»

«ምን ነካህ? ያው እዚያ ተቀምጦ ይጽፋል።»

«ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ሞቷል።»

ዓይኑን አየችው። ገባት። ሴት ብትሆን እንዲህ ነው።

«ነፍስ ይማር» አለችና አውራ ጣቷን ከቀለሙ ነከረች።

አምኃ ያደታ በገዛ እጁ የጻፈውን የያደታን ሞት አስገባ። ቀዩን መስመር ሳበ። ፔዞሊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ማኅተሙን ደበደበበት።

ስድስት ሰዓት።

ያደታ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ወደ አምኃ አላየም። ፔዞሊ እንደ ልማዱ መጀመሪያ የጠያቂውን ስም አመሳከረ። ቅንድቡ ተነሣ።

«ያደታ ቡዜ ሞቷል።»

«ያደታ ቡዜ እኔ ነኝ፣ ሲኞር።»

«ሞቷል። ማኅተሜ አለበት።»

«ሲኞር፣ ይኸው ቆሜ እያዩኝ!»

«እኔ የማየው ወረቀት ነው። የሟች ይለፍ ይዞ የሚዞር ሰው ሽፍታ ነው። ዋቅጅራ!»

ዋቅጅራ የበሩ ዘበኛ ነው፤ ሁለቱንም ቋንቋ አሳምሮ የሚያውቅ፣ ከሁለቱም ወገን ጉርሻ የሚቀበል ባንዳ። መጥቶ ያደታን አንገቱን ያዘው። ያደታ ማመልከቻውን አየ። የራሱን ጽሕፈት አወቀ። ከዚያ ነው አምኃን ያየው።

«ሙታኑ በሙሉ ውሸት ናቸው!» ብሎ በጣልያንኛ ጮኸ። «አስራ ሰባቱም በሕይወት አሉ!»

የፔዞሊ ጆሮ ቀላ። አስራ ሰባት ሐሰተኛ ሞት በእሱ ማኅተም? ጡረታው፣ ቤቱ፣ ቄሣርነቱ? እውነቱን ቢያውቅ እንኳ ማወቅ የሚፈልግ ዓይነት ሰው አልነበረም።

«አስወጣልኝ ይኼን ለፍላፊ!»

«እሺ እሱስ?» ያደታ ጣቱን ቀሰረ። «ዘነበ አይደለም! አምኃ ነው! ከመዝገቡ ያልሞተው የመጨረሻው እሱ ነው!»

ዋቅጅራ ያደታን መጎተቱን አቆመ።

ፔዞሊ መዝገቡን ከፈተ። የቀረው አንድ ገጽ ብቻ ነው። አምኃ ኃይለገብርኤል። እናት፣ ወለተማርያም። ሰፈር፣ ቂርቆስ።

«ቀጣይ» አለ ዋቅጅራ ከልማድ፣ አንድ እጁ የያደታ አንገት ላይ እንዳለ።

በመስኮቱ የገባው ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም አምኃ ኃይለገብርኤል ነበር።

ያሾለከችው እናቱ ወለተማርያም ናት። አምኃ በዚህ ሰዓት እንደምትመጣ ያውቃል፤ ያኔ ከጓዳ ሊሆን አስቦ ነበር። ሌሎቹ እናቶች እውነቱ ተነግሯቸዋል። ወለተማርያም ግን ዋሽታ አታውቅም፤ የሆዷ ሁሉ ፊቷ ላይ ነው፣ ቂርቆስ በሙሉ ያውቃታል። ስለዚህ አምኃ ራሱ ለጀሚላ ነግሯታል፦ «እውነት ሞቷል በያት።» ይህን ያዘዘበትን ምላሱን ሊቆርጠው ወደደ።

ራሷን ተላጭታለች። ጉንጯን ቧጥጣለች።

ፔዞሊ ማመልከቻውን ከመዝገቡ ጋር አስተያየ። ፈገግ አለ።

«ጠይቃት» አለው አምኃን። «ይህ ሰው ልጅሽ ነው ወይ በላት።»

ዋቅጅራ ጆሮውን አቁሟል። አዛብቶ መተርጎም አይቻልም።

አምኃ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልጠራትን እናቱን በእርስዎ ጠራት።

«እማማ... እኔ ልጅዎ እንደሆንሁ ይጠይቃሉ።»

ቀና አለች።

አየችው። የተወለወለውን የጣልያን ጫማውን አየች። ኮሌታው ላይ የተሰካውን የመንግሥት ዓርማ አየች። ፊቱ ላይ ስትደርስ ዓይኗ አልረገበም። ፊቷ ላይ የነበረው ንቀት ብቻ ነው፤ አምኃ ከማንም ባንዳ ጠል ያላየው ንቀት።

እንትፍ አለችበት።

«የእኔ ልጅ ሞቷል። የእኔ ልጅ የጣልያን ትራፊ አይልስም። ይኼን ውሻ ከፊቴ አንሱልኝ!»

«ምን አለች?» አለ ፔዞሊ። ዋቅጅራ እየሳቀ ተረጎመለት። ፔዞሊም ሳቀ። እናት ልጇን ውሻ አትልም፤ ጉዳዩ ለእሱ አለቀ። ቀዩን ብዕር ለአምኃ አቀበለው።

«ሰርዝ።»

በራሱ ስም ላይ መስመር ሳበ። ከአስራ ዘጠኙ የተጣመመው መስመር ይኸኛው ብቻ ነው። ቀና ሲል እናቱ ሄዳለች። ምራቋን አልጠረገውም።

ሐሙስ የፖለቲካ ቢሮ ሰዎች መዝገቡን ሊረከቡ መጡ። ፔዞሊ ባዶውን ሽፋን በኩራት አስፈረማቸው፤ ሣጥኑን «የሙታን ነው» ብሎ አላስነካም። ያደታ በሳምንቱ ተሰቀለ። የሟች ይለፍ የያዘ የውስጥ አርበኛ ነው ብለው ነው የሰቀሉት። ቂርቆስ አለቀሰለት፤ ጀግና ብሎ ፎከረለት። አምኃ በዚያው መንገድ ሲያልፍ ልጆች ድንጋይ ወረወሩበት። የሚስቅ ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ግን እናቱ በዚያን ዕለት ያየችበት ዓይን ከፊቱ አልጠፋ አለው። አውቃ ነው? ወይስ እንዳየችው አምናው ነው? ጠያቂም የለ፣ መላሽም የለ።

ከድርጅቱ ትእዛዝ መጣ። ሥራው አልቋል፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም። በሚሄድበት ጠዋት በርበሬ ሊገዛ ጀሚላ ዘንድ ጎራ አለ። በርበሬውን ስትጠቀልል የይለፍ ወረቀቱን ከሥር አሾለከችለት።

«አርባህ ትናንት ነበር» አለች ሚዛኗን እያየች።

«ተዝካር አወጣች?»

«የለም። ቄሱ ቤቷ ድረስ መጡ፤ እኔም ደጅ ነበርሁ። ፍታት እንፍታለት፣ የክርስትና ስሙን ንገሪኝ አሏት።»

«እሺ?»

«ጠፍቶኛል አለች።»

አምኃ የጨበጠው በርበሬ ተንከሻከሸ። ፍታት ያለ ክርስትና ስም አይፈታም። በሕይወት ላለ ሰውም አይፈታም።

«ቄሱስ ምን አሉ?»

«‹እኔንም ጠፍቶኛል› ብለው መጽሐፋቸውን አጥፈው ሄዱ። እኔ የእናንተን የክርስቲያኖቹን ነገር አላውቅም፤ በቃ ገረመኝ። እናት እንዴት የልጇን ስም ትረሳለች?»

አምኃን ያጠመቁት እኚሁ ቄስ ናቸው። ይህን አልነገራትም። ሦስት ዓመት በጣልያን ፊት ያልራሰ ዓይኑ ራሰ፤ በበርበሬው አሳበበ። ከዚያ ይለፉን ከፍቶ የዛሬውን ስሙን አነበበ፣ ደገመው፣ ወደ ኪሱ ከተተው።

ፔዞሊ የመዘገበው አምኃ ሞቷል። ሌላኛውን ስም የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ረስተዋል። ኮሌታውን አነሣና ከገበያተኛው ጋር ተቀላቀለ።