ውሃ የሚጠጣው ቤት

የመኝታ ቤቱ በር ዛሬም በራሱ ተከፈተ። የነካው የለም፤ ነፋስም የለም። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ የሚያጮልቅ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ገርበብ አለና ቆመ።

«በስመ አብ!» አለች አክስት ዘነበወርቅ እያማተበች። «ሄቨን፣ አየሽው?»

ሄቨን አይታዋለች። ዘነበወርቅ የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ ደርሷት ከቢሾፍቱ ካሮልተን ከገባች ሁለት ወሯ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም የለውም። ግድግዳው በጠራራ ፀሐይ ቋ! ይላል። ከመስኮቱ ጥግ የጀመረው ስንጥቅ ሽቅብ እየተሳበ ኮርኒሱ ሊደርስ ነው። ትናንት ከጠረጴዛ የወደቀ ብርቱካን ሳሎኑን ሙሉ ተንከባሎ አክስቷ እግር ስር ቆመ። ከዚያ ወዲያ ዘነበወርቅ እህል አልቀመሰችም።

«እኔን ተከትሎ የመጣ ነገር ነው» አለች ሻንጣዋን እየዘጋች። «ቤታችሁን ሳላፈርስ ልሂድ። ዴንተን ከተማ የምታስጠጋኝ ሴት አግኝቻለሁ፤ አባትሽ ከሥራ ሲገባ ያደርሰኛል።»

ሄቨን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ባዶ ቤት መግባት የቀረላት በአክስቷ ነው። ምስጢሩን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

ቤቱን የሸጡላቸው ሽማግሌ በቤቱ መሠረት ዙሪያ ባለቀዳዳ የውሃ ጎማ ዘርግተው፣ በበጋ በየቀኑ አጠጡት ብለው ነበር። አባቷ ነጋ «እና ቤት እንደ ጎመን ውሃ ይጠጣል?» ብሎ ቢስቅም ሥራውን ለሄቨን ሰጣት። እዚያ በጋው በሚገባበት በሰኔ ሁለት ቀን አጠጣችና ተወችው። አባቷ በጠየቀ ቁጥር ግን «የስ፣ አጠጥቻለሁ» ትላለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ስንጥቅም እያደር ይሰፋል።

ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ክፍል ሁለት ብርጭቆ ደረቅ አፈር ላይ እኩል ውሃ ጨመሩ። አንዱ ካኦሊናይት የሚባል ነጭ ሸክላ ነው፤ ሌላው ከሄቨን ጓሮ የመጣ ጥቁር አፈር። በማግስቱ ነጩ እንደነበረ ነው። ጥቁሩ ግን አብጦ ከብርጭቆው አፍ ወጥቷል።

«ሁለቱም ከእሳተ ገሞራ አመድ ሊወለዱ ይችላሉ» አለች መምህሯ። «ዋናው አመዱ ወደየትኛው ማዕድን ተለወጠ የሚለው ነው። የእናንተ ጓሮ ሞንትሞሪሎናይት የሚባለው ማዕድን ሞልቶታል፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከላዩ የተቀመጠውን ቤትም እያጋደለ ይንቀሳቀሳል።»

ምክንያቱን ማወቋ ፍርሃቷን አላበረደውም። እንዲያውም ከእግሯ ስር ያለው ምድር የሚተነፍስ መሰላት።

«አክስቴ፣ ሻንጣውን ተይው። ማለቴ... አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ወደ ጓሮ ወጡ። አፈሩ ከቤቱ መሠረት ሸሽቶ እጅ የሚያስገባ ጨለማ ክፍተት ትቷል። ዘነበወርቅ ጎንበስ ብላ አንድ ጓል አነሳችና በጣቶቿ ፈረፈረችው።

«ይሄማ ዋልካ ነው!» አለች ተገርማ። «እኛ አገር በበጋ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር የሚሰብረው። ማነው እንዲህ ያደረቀው?»

ሄቨን ሳትመልስ የአባቷ መኪና ገባ። ነጋ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እንደ ወትሮው ጠየቀ።

«ሄቩ፣ አጠጣሽ አይደል?»

የስ ማለት ቀላል ነበር። ነገ ተደብቃ ብታጠጣ ማንም አያውቅም፤ አክስቷ ግን ዛሬ ትሄዳለች።

«አላጠጣሁም አባ» አለች። «ከሰኔ ጀምሮ አላጠጣሁም።»

ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ቋ! አለ። ዘነበወርቅ ለማማተብ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው።

«ቧንቧው በየት በኩል ነው?» አለች።