ዶርዶኝ ወንዝ የገባው ካራቫን

ካራቫኑን በትራክተር ከዶርዶኝ ወንዝ ሲያወጡት ሆላንዳዊው ጌርብራንድ ውስጡ፣ አልጋው ሥር ሞቶ ተገኘ። ወንዙ ዳር ባለው የመዝናኛ ካምፕ ቁልቁለት ላይ ቆሞ የነበረው ይህ በመኪና የሚጎተት ቤት ረፋዱ ላይ ነበር ተንሸራቶ ውሃ የገባው። ከከተማ የተመለሰው የካምፑ ባለቤት «ድንገተኛ አደጋ ነው» አለ። የፈረንሳይ ፖሊሷ ሻምበል ሶላንዥ ግን ጎንበስ ብላ ከሥሩ አየች። ቤቱን ደግፈው የሚይዙት የብረት እግሮች አልተሰበሩም፤ ተስበው ታጥፈዋል። የእጅ ፍሬኑም ተለቋል።

«ሰው ነው የለቀቀው» አለች።

በጋው ስላለፈ ካምፑ ውስጥ የነበሩት እንግዶች ከሆላንድ አብረው የመጡት ብቻ ናቸው፦ የሟች ሚስት ቺትስኬ፣ የረጅም ዘመን ጓደኛው ሃርመንና የሃርመን ሚስት ሉስ።

«ጠዋት የት ነበሩ?» ሻምበሏ ቺትስኬን ጠየቀቻት።

«ገበያ። እሱ ራሱን አሞት ተኝቶ ነበር። የኔ ብስክሌት ጎማው ስለተነፈሰ የሱን ይዤ ሄድኩ።»

«መተኛቱን ማን ያውቃል?»

«ልብስ ማጠቢያው ጋ ለሉስ ነግሬያታለሁ።»

«አዎ» አለች ሉስ። «ካራቫኑ ውሃ ሲገባም እዚያው ነበርኩ።»

«ጠብ ነበራችሁ?»

«ጠብ እንኳን አይባልም። ካራቫናቸው ወንዙን ስለጋረደብን ሃርመን ሲያኮርፍ ሰነበተ። ጌርብራንድ ደግሞ ‹ወንበርህን ይዘህ እኛ ጋ ና› እያለ ይስቅበታል።»

ሃርመን መሬት መሬቱን እያየ «እኔ መጽሐፍ ሳነብ ነበር» አለ። «ጌርብራንድም በብስክሌት የሄደ መስሎኝ ነበር።»

ሶላንዥ ካራቫኑ ቆሞበት ወደነበረው ቦታ ተመለሰች። የጎማ ታኮዎቹ ሣሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የመብራቱ ገመድ ተነቅሎና በሥርዓት ተጠቅልሎ ችካል ላይ ተሰቅሏል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሊገድል የመጣ ሰው ገመድ አይጠቀልልም» አለች። «ይህ ሰው ንብረቱ እንዳይጎዳ ተጠንቅቋል። ካራቫኑን ትንሽ ፈቀቅ ሊያደርገው ነበር። ሰው የተኛበትን ቤት ደግሞ ማንም አይገፋም፤ ባዶ መስሎታል። ሁለቱ ወይዘሮዎች መተኛቱን ያውቁ ነበር። ብስክሌቱን ሲያጣ ‹ሄዷል› ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወንዙም የተጋረደው በእሱ ላይ ነው። አቶ ሃርመን፣ መጀመሪያ ስጠይቅዎም ልብስዎ ደረቅ ነበር። ለምን ውሃው ውስጥ አልገቡም?»

ሃርመን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«አመለጠኝ» አለ። «ውሃው ጋ ሲደርስ ከውስጥ ተንኳኳ። ስሜን ጠራ።»

«ከዚያስ?»

«አፈርኩ። ምን እለዋለሁ ብዬ... ካራቫኔ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።»

ሉስ ከባሏ ፈንጠር ብላ ቆመች። ቺትስኬ ወደ ሃርመን ዞራ በቀስታ ተናገረች።

«ብትጠይቀው እኮ ራሱ አብሮህ ይገፋው ነበር።»